ዲስከቨሪ ወይስ ፕራዶ? ከደብረ ማርቆስ ለተጻፈ ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ አማቴም አብረውን ነው የሚኖሩት። ለዓመታት ባጠራቀምነው ገንዘብ ደህና የቤተሰብ መኪና ልንገዛ ነው። አዲስ አበባ ሁለት መኪና አይተናል። አንዱ ሞዴል 2012 ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 4 ነው። 3.0 ናፍታ፣ ቆዳ ወንበር፣ ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ሲያዩት የሚያጓጓ። ሌላው ሞዴል 2010 ፕራዶ ነው። እሱም 3.0 ናፍታ ነው፤ ግን ትንሽ ተጎሳቁሏል፣ ዋጋውም ከዲስከቨሪው ይበልጣል። ባለቤቴ ዲስከቨሪውን ወዶታል። ደላላውም ‹ፕራዶ ስሙ ነው እንጂ› ይለናል። ባህር ዳር፣ ሞጣና አዲስ አበባ እንመላለሳለን። የቱን እንግዛ? ከመግዛታችን በፊትስ ምን እናስመርምር?»

እህቴ፣ መልሱን አላንጠልጥልሽ። እኔ ማርቆስ ብኖርና በራሴ ገንዘብ ብገዛ የምወስደው ፕራዶውን ነው። ያውም ምርመራውን ካለፈ። ካላለፈ ሌላ ፕራዶ እፈልጋለሁ እንጂ ወደ ዲስከቨሪው አልዞርም።

መጀመሪያ ለባለቤትሽ ልፍረድለት። ዲስከቨሪ 4ን የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲነዱት ጸጥ ያለ ነው። ወንበሩ ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትልቅ ሰው ሳይጨናነቅ ይቀመጣል። ፕራዶው ላይ ግን የኋላው ረድፍ የልጆች ነው። አማትሽን እዚያ አስቀምጣችሁ እስከ ሞጣ ብትወስዷቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እሳቸውን መካከል፣ ከልጆቹ ሁለቱን ኋላ ማድረግ ይኖርባችኋል። በምቾት ከሆነ ዲስከቨሪው ያሸንፋል። በዚህ አልከራከርም።

ግን አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን ያህል የሚመች መኪና ከተጎሳቆለ ፕራዶ ለምን ረከሰ? ያውም በዚህ ጊዜ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዋጋ ተሰቅሏል። ይህን የማያውቅ ሻጭ የለም። በዚህ ገበያ ውስጥ አንድ የሚያምር ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ዋጋው ከወረደ፣ ገበያው የሚያውቅበት ነገር አለ ማለት ነው። የሚያውቀውም ይህን ነው፤ ሲበላሽ የሚያነሣው ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ዕቃውም እንደ ልብ አይገኝም።

ያገለገለ ውድ መኪና መግዣው ይወርዳል እንጂ መጠገኛው አይወርድም። አዲስ ሳለ ለባለጸጋ የተሠራ መኪና አሥር ዓመት ካለፈው በኋላም ዕቃው የባለጸጋ ዕቃ ነው። እናንተ ደግሞ የምትኖሩት አዲስ አበባ አይደለም። ከጋራዡ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ፣ በመካከላችሁ የአባይ በረሃ ተጋርዶ ነው የምትኖሩት። ስለዚህ መኪናውን የምትመርጡት በአዲስ አበባ ዓይን ሳይሆን በማርቆስ ዓይን ነው። ማርቆስ ውስጥ ማን ይጠግነዋል? ባህር ዳርስ? ዕቃው በስንት ቀን ይደርሳል? ልጆች ይዛችሁ ሉማሜ ላይ ቢቆም ማን ይመጣላችኋል?

አሁን ስለ ዲስከቨሪው በዝርዝር ልንገርሽ። ባለቤትሽ እንዲያነበውም ስጪው።

ይህ ባለ 3.0 ናፍታ ሞተር ስድስት ሲሊንደር ያለው ቪ ሞተር ነው። ጉልበት አለው፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። በዓለም ሁሉ የታወቀ ሕመሙ ግን ኮሎው ላይ ነው። ኮሎ ማለት ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ብረት ነው። እሱን የሚሸከሙት ብሮንዞች አንዳንዴ ቦታቸውን ለቀው ይዞራሉ። ሲዞሩ ዘይት የሚገባበትን ቀዳዳ ይዘጉታል። ኮሎው ዘይት ሲያጣ ይግላል፤ ከዚያ ይሰበራል። ከእሱ በፊት የነበረው 2.7 ሞተርም ይህ ጣጣ አለበት። ሁሉም ይሰበራል አልልሽም፤ ብዙዎቹ ረጅም መንገድ ሄደዋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሲሰበርም የሚጠገን ነገር አይተርፍም፤ ሌላ ሞተር ፍለጋ ነው። ያ ሞተር ደግሞ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ካልመጣ ጎጃም ውስጥ አይገኝም። ዕቃው ዱባይ አለ ብሎ መጽናናት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሁለተኛው የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም ቫልቮቹንና ፒስተኖቹን በጊዜያቸው የሚያስኬደው ቀበቶ፣ ነገር ነው። ይህ ሞተር ሁለት ቺንጋ አለው። የፊተኛውን ሁሉም ያውቀዋል። ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ትንሹን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እሱ ነው የከፍተኛ ግፊት የናፍታ ፖምፓውን የሚያዞረው። ከተበጠሰ ናፍታውን ወደ ሲሊንደር ወደሚረጩት ኖዝሎች አይደርስም፤ መኪናው ባለበት ይቆማል። ሻጩ «ቺንጋው ተቀይሯል» ካላችሁ «የቱ?» በሉት። መልሱን ስትሰሙ መኪናውን ምን ያህል እንደሚያውቀው ይገባችኋል።

ሦስተኛው እግሩ ነው። አብዛኛው ዲስከቨሪ 4 እንደ ፕራዶ ሞላ የለውም። የሚቆመው በአየር ከረጢት ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ አየር ያፈስሳል። አየር የሚሞላው መጭመቂያ ያፈሰሰውን ለመተካት ደጋግሞ ይሠራል፤ በመጨረሻ ይቃጠላል። ያን ጊዜ መኪናው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። መንገዱ አስፋልት ከሆነ እየተንገጫገጨም ቢሆን ይሄዳል። ከብቸና ወደ መርጡለ ማርያም፣ ወይም በዝናብ ወቅት ወደ ጮቄ ግርጌ ወዳሉት ቀበሌዎች ከሆነ ግን ባይሞከር ይሻላል። ብልሽቱን ለማንበብም ተራው የኮምፒውተር መመርመሪያ አይበቃም። የላንድሮቨርን ቋንቋ የሚያውቅ መሣሪያ ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የእጅ ፍሬኑ አለ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። አቧራና ጭቃ ሲገባበት ይጮኻል፣ ይያዛል። የእኛ አገር መንገድ ደግሞ አቧራና ጭቃ አያጣውም። አንዳንድ ትልልቅ ጥገናዎች ደግሞ፣ ለምሳሌ ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን) መቀየር፣ ብዙ ጊዜ ቦዲውን በሙሉ ከሻንሲው ላይ አንስቶ ነው የሚሠሩት። ይህን ለማድረግ ጠንካራ ማንሻና የለመደ እጅ ያስፈልጋል። የማርቆስ መካኒኮች ጎበዞች ናቸው፤ ብዙዎቹን አውቃለሁ። ግን ማንም በእጁ ያልገባውን መኪና በአንድ ሌሊት አይማረውም። መማሪያው ደግሞ የእናንተ መኪና እንዲሆን አልፈልግም።

ፕራዶውስ? ደላላው «ስሙ ነው እንጂ» ያለው ከፊሉ እውነት ነው። ሰው «ፕራዶ አይሞትም» እያለ ያለ ምርመራ ይገዛዋል። ይሞታል እንጂ! አሟሟቱን ግን እናውቀዋለን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የታወቀ በሽታ አስቀድሞ ይመረመራል፣ መድኃኒቱም ቅርብ ነው።

የሞዴል 2010 ፕራዶ ባለ 3.0 ናፍታ ሞተር 1ኬዲ ይባላል። አራት ሲሊንደር ነው። ሃይሉክስ ላይም የተገጠመ ሞተር ስለሆነ ጎጃም ውስጥ ፈትቶ ያልገጠመው መካኒክ ማግኘት ይከብዳል። ዕቃውም አዲስ አበባ መለዋወጫ ገበያ ውስጥ ሞልቷል፤ ኦሪጅናሉም፣ ቻይናውም፣ ያገለገለውም። በአውቶብስ ማርቆስ ድረስ ይላክላችኋል።

ደካማ ጎኑ ኖዝሎቹ ናቸው። ኖዝሎቹ የተተከሉት በቫልቮቹ ክዳን ሥር ነው። ከሥራቸው ጋዝ እንዳያልፍ የሚዘጋ የመዳብ ቀለበት አለ። ያ ቀለበት ሲያረጅ ከሲሊንደሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ሽቅብ አምልጦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ከውጭ ስታዪው ምንም አይታይም፤ ሁሉም ነገር ክዳኑ ሥር ነው የሚሆነው። ዘይቱ ውስጥ ጥላሸት ይበዛል። ጥላሸቱ ከሞተሩ ሥር ያለችውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ቀስ በቀስ ይደፍናል። ወንፊቷ ስትደፈን ዘይት ሽቅብ አይወጣም። ክሩስኮቶ ላይ ቀይ የዘይት መብራት ሲበራ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ኖዝሉ ራሱ አርጅቶ ናፍታ ከልክ በላይ የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ፒስተን እስከ መሰንጠቅ ያደርሳል።

መፍትሔው ግን ውስብስብ አይደለም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። ቀለበቶቹን መቀየር፣ የሞተሩን ታችኛ ሳህን አውርዶ ወንፊቷን ማየትና ማጠብ፣ ዘይቱን በጊዜው መቀየር። የማርቆስ መካኒክ የሚሠራው ሥራ ነው።

እንግዲህ ፕራዶውን ስታዩ እንዲህ አድርጉ።

ለሻጩ ማለዳ እንደምትመጡ ንገሩት፤ ሞተሩን እንዳያስነሣም አደራ በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቺና ሞተሩን በእጅሽ ንኪው። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሟችኋል። ያን ቀን ተመለሱ፤ ወይም እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የኖዝል ሕመም የሚሰማው በብርድ ነው። የማርቆስም የአዲስ አበባም ማለዳ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው።

አስነሺውና ጋዝ ሳትሰጪ በሚኒሞ ተዪው። የናፍታ ሞተር ሲነሣ ትንሽ ይንኳኳል፤ ያ ጤነኛ ነው። ግን መዶሻ የሚመታ የሚመስል ደረቅ ድምፅ ከአንድ ሲሊንደር ብቻ ከመጣና ለደቂቃዎች ካልጠፋ፣ ወይም ነጭ ጭስ ከማርሚታው አልቆም ካለ፣ ኖዝል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሞተሩ ሲሞቅ፣ እየሠራ እያለ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቺ። ገልብጠሽ ቀዳዳው ላይ አስቀምጪው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጪ። ከቦታው እየዘለለ ከወደቀ፣ ወይም ከቀዳዳው ጭስ በየመሃሉ ቱፍ ቱፍ እያለ ከወጣ፣ ጋዙ ማምለጫ አግኝቷል ማለት ነው። የኖዝል ቀለበት ሊሆን ይችላል፤ የፒስተን ፋሻም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ገንዘብ ነው። የክዳኑን ሥር ደግሞ በጣትሽ ጥረጊው። ጥቁር ዘይት የናፍታ ሞተር ጠባይ ነው። እንደ ዝፍት የደረቀ ቅርፊት ከወጣ ግን ዘይቱ በጊዜው ሲቀየር አልኖረም።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ምርመራ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ላይ ሳለ የአራቱን ኖዝሎች ማስተካከያ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ኖዝል ናፍታ ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳየውን፣ ያንብቡላችሁ፤ በወረቀትም ይስጧችሁ። ወደ 0 የተጠጋ ጥሩ ነው። አራቱ የሚቀራረቡ ከሆነ ደስ ይላል። አንዱ ብቻውን ርቆ ከወጣ ያ ኖዝል እየደከመ ነው። ይህ መኪናውን የሚያስጥል አይደለም፤ ዋጋውን የሚያስቀንስ ነው። ኖዝል ውድ ነው። የአራቱን ዋጋ መለዋወጫ ገበያ አስቀድማችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ይዛችሁ ተከራከሩ።

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረም ጠይቁ። የዚህ ሞተር ቺንጋ በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ጊዜው ሲደርስ ክሩስኮቶው ላይ የራሱ መብራት ይበራል። መብራቱን ማጥፋት ቀላል ስለሆነ አለመብራቱ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ አስቡና ወጪውን ደምሩ። ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ስለ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብዙ አልልም። ቆጣሪ ይቀነሳል፤ ሁሉም ያውቃል። ሞዴል 2010 የሆነ መኪና 90,000 ብቻ ካነበበ፣ የፍሬን መርገጫውን ጎማና የነጂውን ወንበር ጠርዝ እዩት። መርገጫው ልጦ ብረቱ እየታየ ቆጣሪው ወጣት ነኝ ካለ፣ የምታምኑት መርገጫውን ነው።

ቀለሙም ያን ያህል አያስጨንቃችሁ። የተጫረ በር ልጆች ላለው ቤት ምንም አይደለም። ስቱኮ የበዛበት ግን ተጋጭቶ የነበረ ነው። ቦዲውን ትታችሁ ሥሩ ግቡ። የፕራዶ ሕይወቱ ሻንሲው ነው። አዲስ የተበየደበት፣ ወይም በአንድ ቦታ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ካለ እዚያ ላይ ቆም በሉ። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አስተያዩ።

አሁን መንዳት። አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌ መንገድ ላይ ደርሶ መመለስ ፈተና አይደለም። እንጦጦ ውጡ። አምስት ሰው ጭናችሁ ውጡ። ምክንያቱ የአባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ከዚያ እስከ ደጀን ያንኑ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ታች ሙቀት ነው፣ ሽቅብ ዳገት ነው፣ ፊት ለፊታችሁ የከባድ መኪና ሰልፍ አለ። ለሞተር ማቀዝቀዣም ለፍሬንም ከዚያ የከበደ ፈተና እኛ አገር ጥቂት ነው።

ስለ ሙቀት መለኪያው አንድ ነገር ልብ በዪ። የቶዮታ መለኪያ መርፌ ሞተሩ ደህና እስከሆነ ድረስ መሃል ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። ውሃው ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ አይንቀሳቀስም። መርፌው መነሣት ሲጀምር ነገሩ ገፍቷል። ስለዚህ እንጦጦ ስትወጡ ያን ኮምፒውተር ሰክታችሁ እውነተኛውን ዲግሪ እያያችሁ ውጡ። ዳገቱ ላይ እየጨመረ ሄዶ የማይቆም ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም ፋኑ አይሠራም፣ ወይም ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ችግር አለበት። ከላይ ስትደርሱ አጥፍታችሁ አቀዝቅዙ። ራዲያተሩ ፍጹም ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን እንዳትነኩ። ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃው ላይ የዘይት ዓይን ካለ መኪናውን ተዉት።

ስትወርዱ ደግሞ ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ በሞተር ይዛችሁ ውረዱ። ፍሬን ስትይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። መርገጫው እየለሰለሰ ወደ ታች ከወረደ የፍሬን ዘይቱ ውሃ ስቧል፤ ሲግል ይፈላል። ዘይቱን መቀየር ርካሽ ነው። ሳይቀየር በረሃውን መውረድ ግን ልጆች ለጫነ መኪና አይታሰብም። በነገራችን ላይ ዲስከቨሪው ወደ 2.5 ቶን ይመዝናል፤ ፍሬኑም ዲስኩም ያን ያህል ይደክማል።

አንዳንዶች «ናፍታውን ትታችሁ ባለ 2.7 ቤንዚን ፕራዶ ግዙ፤ ኖዝል ምናምን የለበትም» ይሏችሁ ይሆናል። ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው። ግን ተርቦ የለውም። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ማርቆስ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ሙሉ ቤተሰብ ጭኖ ከበረሃው ሲወጣ ያለቅሳል፤ ቤንዚንም ይጠጣል። ከተማ ውስጥ ብቻ ብትነዱ እሺ እላችሁ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪናም እንዲሁ። ለማርቆስ ከተማ ውስጥ ጥሩ ነው፤ በመንገዱ ላይ አስተማማኝ ቻርጅ ማድረጊያ እስኪኖር ግን አዲስ አበባ ደርሶ ለሚመላለስ ቤተሰብ አልመክርም።

ባለቤትሽ ይህን ሁሉ አንብቦ አሁንም ዲስከቨሪውን ካለ፣ አልቆጣም። መኪና በልብም ይገዛል። ግን ሦስት ነገር ሳታሟሉ አትግዙ። አንደኛ፣ ማታ ቆሞበት ባደረበት ቦታ ማለዳ ሳይነሣ እዩት፤ አንዱ ጎን ወርዶ ካደረ አየር ያፈስሳል። ሁለተኛ፣ የዘይት ቅያሪውን በእናንተ ወጪ፣ በፊታችሁ አስደርጉ። የሚወጣው ፊልትሮ የወረቀት ነው። ወረቀቱን በምላጭ ቆርጣችሁ እጥፋቶቹን ዘርጉና ፀሐይ ላይ እዩት። የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት ካለ ብሮንዙ መበላት ጀምሯል፤ ያን መኪና ባገኛችሁት ዋጋም አትውሰዱት። ምንም ባይታይም ዋስትና አይሆንም፤ ቢያንስ ግን የባሰውን ታመልጣላችሁ። ሦስተኛ፣ ከመግዣው ዋጋ አንድ አራተኛ ያህል ለጥገና ለብቻው ባንክ ይቀመጥ። እሱን ማስቀመጥ ካልቻላችሁ የመኪናው ዋጋ ከአቅማችሁ በላይ ነው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ብዙ ሰው መኪናውን በደንብ አስመርምሮ በወረቀት ይጎዳል።

ፕራዶ ብዙ ጊዜ የድርጅት መኪና ሆኖ የኖረ ነው። ሰው የድርጅት መኪና ይፈራል። እኔ የሰርቪስ ደብተሩ ካለ አልፈራውም፤ በጊዜው ዘይት የተቀየረለት መኪና ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እናንተ ስም አይዞርም። ስለዚህ የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን አይታችሁ ቀረጡ መከፈሉን አረጋግጡ። «በኋላ እንጨርሰዋለን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እናንተም ገንዘቡን በኋላ ስጡት።

ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ ይውጣ። ባንክ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ውሉ ላይ ትፈርም፤ ሻጯ ሴት ከሆነች ባሏ ይፈርም። በጋብቻ ውስጥ የተገዛ መኪና የጋራ ነው፤ አንዱ ብቻውን ቢሸጠው ሌላው ሊያፈርሰው ይችላል። ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚል ሥልጣን በግልጽ ይዟል ወይ? አልተሻረም ወይ? ይህንንም ውልና ማስረጃ ጠይቁ። የቦሎውን ዘመንና የትራፊክ ቅጣት አለመኖሩንም በዚያው እዩ።

ቀብድ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ከምርመራ በፊት ቀብድ አትስጡ። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» እያለ ያጣድፋችኋል። ይምጣ! የግድ መስጠት ካለባችሁ ውሉ ላይ «መኪናው በገዢው መካኒክ ተመርምሮ ጉድለት ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ይጻፍ። መካኒኩም የእናንተ ይሁን፤ ደላላው ያመጣው አይሁን። ከማርቆስ የምታምኑትን መካኒክ የትራንስፖርትና የቀን አበሉን ከፍላችሁ ይዛችሁት ብትሄዱ ከሁሉም ይሻላል። ነገ መኪናውን የሚጠግነው እሱ ነውና ዛሬ ራሱ አይቶ ይምረጠው።

ክፍያው በሲፒኦ ይሁን፤ ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት በሚፈረምበት ሰዓት ይሰጥ። ስም ማዞሩንና ፋይሉን ወደ ማርቆስ ማዛወሩን «ጊዜ ሲኖረን» ብላችሁ አታሳድሩት። ሻጩ ውጭ አገር ሊሄድ ይችላል፤ ሰው ነውና ሊሞትም ይችላል። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። እናንተ ግን ሙሉ ኢንሹራንስ ግቡ፤ የቤተሰብ ጥሪት በሙሉ መንገድ ላይ ነው የሚውለው።

ከገዛችሁ በኋላ ማርቆስ ሳትገቡ ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና የናፍታ ፊልትሮ ቀይሩ። ከዚያ በኋላ ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ፤ የእኛ አቧራና ዳገት ከዚያ በላይ አያስጠብቅም።

ናፍታው ላይ ደግሞ በጣም ጥንቁቅ ሁኑ። ማደያ ላይ ናፍታ ሲጠፋ በጀሪካን የሚሸጥ ይመጣል። ውሃ የገባበት ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍታ እንዲህ ያለውን ኖዝል በአጭር ጊዜ ይገድለዋል። የድሮው ሞተር ይችለው ነበር፤ ይህኛው አይችለውም። ግድ ሆኖባችሁ ከጀሪካን ከገዛችሁ በንጹህ ሃይላንድ ቀዱና አንድ ሌሊት አሳድሩት። ውሃ ካለበት ጠዋት ከታች ተለይቶ ተቀምጦ ታዪዋለሽ። ላምባውን ግን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሰልባትዮው ከግማሽ ሳይወርድ ማደያ ባገኛችሁ ቁጥር መሙላትን ልማድ አድርጉት።

የምርመራው ወረቀት እጃችሁ ሲገባ የአራቱን ኖዝል ቁጥር፣ እንጦጦ ላይ ያነበባችሁትን የውሃ ዲግሪና የዘይት ክዳኑ ላይ ያያችሁትን ጻፊልኝ። ቀብዱን ከዚያ በኋላ ትሰጣላችሁ።